መሃሉን ማን አየው? ሰውነት ውስጥ ስለሚገቡ መሪ ያላቸው ዘንጎች

በ1868 ፍራይቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ አዶልፍ ኩስማውል የሚባል ሐኪም የሰው ጨጓራ ውስጥ በዓይኑ ማየት ፈለገ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መሣሪያው 47 ሴንቲሜትር የሚረዝምና 13 ሚሊሜትር የሚወፍር ቀጥ ያለ ቱቦ ነበር። ታዲያ ይህንን ማን ይውጠዋል? ኩስማውል መልሱን ያገኘው ከትርኢት መድረክ ነው። ሰይፍ በመዋጥ የሚተዳደር ሰው አስመጣ። ሰውየውም አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ ጉሮሮውን ከደረቱ ጋር አስተካክሎ ቱቦውን ዋጠው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። መሣሪያው ለሰውየው መታጠፍ ስላልቻለ ሰውየው ለመሣሪያው ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ያለው የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ታሪክ ይህንን ግዴታ የመገልበጥ ታሪክ ነው። በ1932 ሩዶልፍ ሺንድለር የታችኛው ክፍሉ የሚለመጥ የጨጓራ ማያ ይዞ መጣ። በ1957 ደግሞ ባሲል ሂርሾዊትዝ በአሜሪካ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ከጓደኞቹ ጋር በቀጫጭን የመስታወት ክሮች ብርሃን የሚያስተላልፍ፣ ሙሉ በሙሉ የሚለመጥ ኢንዶስኮፕ ሠራ። መጀመሪያ የዋጠውም ራሱ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሐኪሙ ውጭ ቆሞ ጫፉን ወደ ፈለገበት የሚያዞርበት መንገድ መጣ። ዛሬ በሕክምና ምህንድስና ውስጥ ብዙ ሰው ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ እንደ መኪና መሪ ያለው፣ የሚታዘዝ ዘንግ።

የዚህን ዓይነት መሣሪያ ቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። ከእርሳስ የቀጠነ ዘንግ ጫፉ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ ዞሮ ራሱን ያያል፣ ትንሽ ፍሬ አንስቶ ያስቀምጣል። ተማሪዎች ሲያዩት አፋቸውን ይከፍታሉ። እኔም እከፍታለሁ፤ አልዋሽም። ግን ቅሬታ አለኝ። ካሜራው ሁልጊዜ የሚያሳየው ጫፉን ነው። በእጀታውና በጫፉ መካከል ያለውን ረጅሙን ክፍል ማንም አያሳየንም። መሣሪያው ሥራውን ጨርሶ ማጠቢያ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆንማ ጭራሽ አይነሳም።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ይህንን ነው፦ መሪ ያለው ዘንግ የሚመዘነው ጫፉ ስንት ዲግሪ በመታጠፉ ሳይሆን፣ መሃሉ በሚሠራው ሥራና ከታካሚ ወደ ታካሚ ሲተላለፍ ንጹህ መሆን በመቻሉ ነው። ይህንን ሚዛን ይዘን የታወቁ ንድፎችን አንድ በአንድ እንያቸው።

የብስክሌት ፍሬን እና ኢንዶስኮፕ

አሠራሩ ከብስክሌት ፍሬን ብዙ አይርቅም። ፍሬን ስትጨብጡ በጥቁር ሽፋን ውስጥ ያለ ቀጭን ሽቦ ይሳባል፤ ጎማው ጋ ያለው መያዣም ይጨብጣል። የተለመደው ኢንዶስኮፕ ውስጥ እንዲህ ያሉ 4 ሽቦዎች አሉ፤ ለላይ፣ ለታች፣ ለግራ እና ለቀኝ። ሐኪሙ እጀታው ላይ ያለውን መዘውር ሲያዞር አንዱ ሽቦ ይሳባል፣ ተቃራኒው ይላላል። ጫፉ ላይ የተደረደሩት ቀለበቶችም ወደ ተሳበው በኩል ይጎብጣሉ። ትልቁን አንጀት ለማየት የሚያገለግለው ኮሎኖስኮፕ ጫፉ ወደ ላይና ወደ ታች 180 ዲግሪ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ 160 ዲግሪ ይታጠፋል። የመጣበትን መንገድ ዞሮ ማየት ይችላል ማለት ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ። ሽቦው ለምን ሽፋን አስፈለገው? ዝም ብሎ በዘንጉ ውስጥ ቢሄድስ?

ሽቦው የሚሄደው በዘንጉ መሃል መስመር ላይ ሳይሆን ወደ ዳር ጠጋ ብሎ ነው፤ እንዲያ ካልሆነ ጫፉን ወደ ጎን ሊስበው አይችልም። ከመሃሉ 1.5 ሚሊሜትር ይራቅ እንበል። ዘንጉ አንጀት ውስጥ ሲገባ መሃሉ ላይ 180 ዲግሪ ታጠፈ። በውጭኛው በኩል ያለው ሽቦ አሁን የሚጓዘው መንገድ ረዘመ፤ በስንት? 1.5 በ3.14 ሲባዛ 4.7 ሚሊሜትር ይመጣል። ሽቦው ግን አይለጠጥም። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ጫፉን ይስበዋል። ማንም ሳያዝዘው ጫፉ ይታጠፋል!

መፍትሔው ብስክሌታችሁ ላይ አለ። የፍሬኑ ሽቦ በማያጥር፣ በማይረዝም ሽፋን ውስጥ ስለሚሄድ፣ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ የሽቦው መንገድ ርዝመት ያው ነው። የብስክሌቱን መሪ ስታዞሩ ፍሬኑ በራሱ የማይዘው ለዚህ ነው። ኢንዶስኮፕ ውስጥም ሽቦዎቹ እንደ ስፕሪንግ በተጠመጠሙ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ውስጥ ያልፋሉ። የሚያምር መፍትሔ ነው። ግን በነጻ አልመጣም።

በሬው፣ ዛፉ እና ሰበቃ

ጉልበተኛ በሬ የሚይዝ ሰው ገመዱን በእጁ ብቻ አይጎትትም። ዛፍ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይጠመጥመዋል፤ ከዚያ ጫፉን ልጅም ቢይዘው ይበቃል። የበሬውን ጉልበት የበላው በገመዱና በግንዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። አንድ ዙር በተጨመረ ቁጥር ኃይሉ በማካፈል ይወርዳል፤ ስለዚህ ነው ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ያን ሁሉ ጉልበት የሚያቆመው።

ኢንዶስኮፕ ውስጥ ያለው ሽቦም እንደዚያ ገመድ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ በሬው እኛ መሆናችን ነው። የሰበቃው መጠን 0.2 ነው እንበል። ዘንጉ በመንገዱ ላይ ያደረጋቸው መታጠፊያዎች ሲደመሩ 360 ዲግሪ ቢሞሉ፣ ሐኪሙ በ10 ኒውተን ሲስብ ጫፉ ጋ የሚደርሰው 2.8 ኒውተን ገደማ ነው። መታጠፊያዎቹ 720 ዲግሪ ቢሆኑ የሚደርሰው 0.8 ኒውተን ብቻ ነው። ደግሞ ግራ 90 ዲግሪ ሄዶ ቀኝ 90 ዲግሪ ቢመለስ አይጣፋም፤ ይደመራል። በግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ፓይፕ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያሳለፈ ሰው ይህንን በእጁ ያውቀዋል። አንድ ክርን ምንም አይደለም፤ በሦስተኛው ላይ ላብ ይመጣል፤ አራተኛው ላይ ሽቦው አልሄድም ይላል።

ሌላም ጣጣ አለ። ሐኪሙ መዘውሩን ወደ ቀኝ አዙሮ ወደ ግራ ሲመልሰው ሰበቃውም አቅጣጫ መቀየር አለበት። ስለዚህ መዘውሩ ትንሽ ዞሮ ጫፉ ገና አይንቀሳቀስም። ቀጥሎ ደግሞ በድንገት ይዘላል። ልምድ ያለው ሐኪም ይህንን በጣቶቹ ስለሚያውቀው ያካክሰዋል። ጀማሪው ግን ጫፉን አልፎት ይሄዳል።

እንግዲህ 180 ዲግሪ የሚለው ቁጥር ምን እንደሚነግረን አስቡት። ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ዘንግ ጫፉ 180 ዲግሪ ይታጠፋል። ያው ዘንግ አንጀት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጠማዘዘ በኋላ ጫፉ ያንን ያህል አይታዘዝም። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የሚገልጸው ማንም የማይታከምበትን ቦታ፣ ማለትም ጠረጴዛውን ነው።

የመሃሉ ሁለት ጌቶች

መሃሉ ከባድ የሆነው ሁለት ተቃራኒ ጌቶች ስላሉት ነው። ሐኪሙ ሲገፋው ግፊቱን ወደፊት እንዲያደርስ ግትር መሆን አለበት። አንጀቱን እንዳይጎዳ ደግሞ ልምጥ መሆን አለበት። የውሃ ጎማ በአንድ ጫፉ ይዛችሁ ወደፊት ለመግፋት ሞክሩ፤ ጫፉ አይሄድም፤ መሃሉ ተጥመልምሎ ይቀራል። ኮሎኖስኮፕም የሚቸገረው በዚህ ነው። የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ላላ ብሎ የተንጠለጠለ ነው። ሐኪሙ ሲገፋ ዘንጉ እዚያ ጋ ቀለበት ይሠራል፤ ጫፉ ባለበት ይቆማል፤ አንጀቱ ይለጠጣል። ታካሚው የሚያመው ባብዛኛው ያኔ ነው። ልብ በሉ፤ ሕመሙ የሚመጣው ዲግሪው ከተቆጠረለት ጫፍ ሳይሆን ማንም ካላሞገሰው መሃል ነው።

ለዚህ የመጣው መልስ ግትርነቱ የሚቀያየር ዘንግ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በገበያ ላይ ያሉ አንዳንድ ኮሎኖስኮፖች እጀታቸው ላይ ቀለበት አላቸው። ሐኪሙ ቀለበቱን ሲያዞር በዘንጉ ውስጥ ያለ የተጠመጠመ ሽቦ ይጠብቃል፤ መሃሉም ይደድራል። ክሩ የላላ መቁጠሪያ እንደ ልብ ይታጠፋል አይደል? ክሩን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትስቡት ግን ፍሬዎቹ ተጠጋግተው እንደ በትር ይቆማሉ። ሐሳቡ ያው ነው። ይህ ፈጠራ በቪዲዮ ምንም አያምርም፤ ምክንያቱም የሚታይ ነገር የለውም። እኔ ግን ጫፉን ሌላ 20 ዲግሪ ከማስጨመር ይህንን አስበልጣለሁ።

የልብና የደም ሥር ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸውን መሪ ያላቸው ካቴተሮችም ማንሳት አለብኝ። ከውጭ ሲታዩ ተራ የፕላስቲክ ቱቦ ይመስላሉ። ግድግዳቸው ቢሰነጠቅ ግን ሦስት ነገር ይታያል፤ ውስጥ በኩል የሚያንሸራትት ስስ ሽፋን፣ መሃል ላይ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቀጭን የብረት ሽቦ፣ ውጭ በኩል ፕላስቲክ። ሹሩባው ሐኪሙ እጀታውን ሲያዞር መዞሩን እስከ ጫፍ ያደርሳል፤ ግን ዘንጉ ከመታጠፍ አይከለክለውም። የውጭው ፕላስቲክ ደግሞ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየለሰለሰ ይሄዳል። መሃሉን እንደ ዋና ሥራ ያየ ንድፍ ማለት እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። «ያው መሣሪያ፣ ግን በግማሽ የቀጠነ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ተጠራጠሩ። ሁሉም ነገሩ በልክ ቢያንስ፣ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ግትርነቱ የሚወርደው 16 ጊዜ ነው። የቀጠነው ዘንግ ከወፍራሙ ጋር ስም እንጂ ጠባይ አይጋራም።

የሮቦቱ አንጓ

አሁን ወደ ሆድ ዕቃ ቀዶ ጥገና እንሂድ። ሆድን በሰፊው ከመክፈት ይልቅ በጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ረጃጅም መሣሪያዎች አስገብቶ መሥራት ከተጀመረ ቆይቷል። የድሮዎቹ መሣሪያዎች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ እንደ ረጅም መቆንጠጫ። አንጓ ስለሌላቸው በእነሱ መስፋት ማለት አንጓችሁን በጀሶ አሳስራችሁ መርፌ እንደመጨበጥ ነው።

በ2000 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ለአጠቃላይ የሆድ ቀዶ ጥገና የፈቀደው ዳ ቪንቺ የተባለ ሮቦት ለዚህ ጥሩ መልስ ሰጠ። 8 ሚሊሜትር በሚወፍረው ዘንግ ጫፍ ላይ በገመድና በጥቃቅን መዘውሮች የሚንቀሳቀስ አንጓ አለ። ሐኪሙ ራቅ ብሎ ተቀምጦ እጁን ሲያዞር አንጓው ይከተላል።

በእኔ ሚዛን ይህ ንድፍ መሃሉ ላይ ብልጥ ነው። ብልጠቱም መሃሉን አለማጠፉ ላይ ነው። ዘንጉ ቀጥ ያለ ቱቦ ስለሆነ ገመዶቹ በመንገድ ላይ የሚበላቸው ሰበቃ ጥቂት ነው፤ መታጠፊያው ሁሉ ጫፉ ላይ ነው። ስለዚህ ጫፉ እጅን ይታዘዛል። ዋጋው ደግሞ ግልጽ ነው፤ ከቀዳዳው እስከሚሠራበት አካል ድረስ ቀጥተኛ መንገድ ያስፈልገዋል። ጠመዝማዛ አንጀት ውስጥ ይህ ዘንግ አይገባም።

ችግሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ይመጣል፤ ማለትም የዕድሜው ጫፍ ላይ። በጥቃቅን መዘውሮች ላይ ደጋግሞ የሚታጠፍ ቀጭን ገመድ ይደክማል። ስለዚህ የሮቦቱ መሣሪያዎች ቆጣሪ አላቸው። ብዙዎቹ ለ10 ቀዶ ጥገና ብቻ ተፈቅደው ነበር፤ 10 ሲሞላ ሮቦቱ አይቀበላቸውም። በ2020 ኩባንያው የአንዳንዶቹን ዕድሜ ወደ 12 እስከ 18 ከፍ አድርጎታል። ገደብ መኖሩን አልቃወምም፤ ሰው ሆድ ውስጥ ገመድ ከሚበጠስ መሣሪያው ቀድሞ ቢጣል ይሻላል። ግን ንድፉን ስንመዝን «በ10 ቀን የሚያልቅ ጫማ» መሆኑን አብረን መቁጠር አለብን። ዓመቱን ሙሉ ለመሣሪያ መተኪያ የሚከፍል በጀት የሌለው ሆስፒታል ለዚህ አንጓ እጩ እንኳን አይሆንም።

ስኩዊድን መኮረጅ

ከሁሉም የምወደው ንድፍ የመጣው ከኔዘርላንድስ ነው። በዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፖል ብሬድቬልድ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ እጆች ተመለከተ። ስኩዊድ የኦክቶፐስ ዘመድ ነው። እጆቹ አጥንት የላቸውም፤ ከዳር እስከ ዳር ጡንቻ ናቸው። ጡንቻዎቹ በቁመት፣ በአግድምና በጥምዝ ተደርድረዋል። አንዱን በኩል ሲጨብጥ እጁ ይጎብጣል።

የተለመደው ንድፍ እያንዳንዱን ሽቦ ቦታው ላይ ለመያዝ ቀዳዳ ያላቸው ቀለበቶች ይፈልጋል። ዘንጉ በቀጠነ ቁጥር እነዚያን ቀዳዳዎች መብሳት ቅጣት ነው። የዴልፍቶቹ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ቀዳዳውን ተወው፤ ሽቦዎቹን ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ በክብ ደርድራቸው። ከውስጥ አንድ ስፕሪንግ፣ ከውጭ ሌላ ስፕሪንግ ይያዛቸው። ሽቦዎቹ እርስ በርስ ስለሚደጋገፉ ከቦታቸው አይወጡም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። ክፍሎቹ ስፕሪንግ፣ ገመድና ቱቦ ናቸው፤ ገበያ ላይ ያሉ ተራ ነገሮች። ቡድኑ በዚህ መንገድ እየሄደ 0.9 ሚሊሜትር ብቻ የሚወፍር፣ ለዓይን ቀዶ ጥገና የታሰበ መሪ ያለው መሣሪያ ሠርቷል። ከ1 ሚሊሜትር በታች! ሌላው ሥራቸው ድራጎንፍሌክስ ይባላል። መጋጠሚያዎቹ እንደ ጥርስ ያለው መዘውር እርስ በርስ የሚንከባለሉ ናቸው፤ የተሠራውም በ3ዲ ማተሚያ ነው።

ማድነቄን ከተናገርኩ ትችቴንም ልናገር። በመጀመሪያ፣ «ከተፈጥሮ የተቀዳ» የሚለው ቃል በዚህ መስክ እንደ ምርቃት መዋል ጀምሯል፤ ምን እንደተቀዳና ምን እንደቀረ ግን አይነገርም። ከስኩዊዱ የተቀዳው አደራደሩ ነው። የስኩዊዱ እጅ ግን ከዚህ የበለጠ ያውቃል። ያው ጡንቻ እጁን ያጎብጣል፣ ያው ጡንቻ መሃሉን ያደድራል፤ እንስሳው የቱ ጋ ልምጥ፣ የቱ ጋ ግትር መሆን እንዳለበት በየቅጽበቱ ይመርጣል። ብረት ሽቦ ይህንን አይችልም። እዚያ ማዶ ያለ እጅ ሲስበው ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከስኩዊዱ የወሰድነው የጫፉን ትምህርት ነው፤ የመሃሉን ትምህርት ገና አልወሰድንም።

ሁለተኛው ትችቴ ማጠቢያ ክፍል ያደርሰናል። ትከሻ ለትከሻ የተደረደሩ ሽቦዎች በመካከላቸው እጅግ ብዙ ጠባብ ክፍተት አላቸው። የስፕሪንግ ጥምዞችም እንዲሁ። ደም እዚያ ከገባ እንዴት ይወጣል? «ገና ምርምር ላይ ያለን ነገር በማጠቢያ መጠየቅ አይከብድም?» ትሉኝ ይሆናል። ይከብዳል። ግን ጥያቄው ሳይጠየቅ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ አለን።

ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ

ዱኦዲኖስኮፕ የሚባል የኢንዶስኮፕ ዓይነት አለ። በአፍ ገብቶ፣ ጨጓራን አልፎ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ጋ ይደርሳል። እዚያ ሐሞት የሚፈስበት ቱቦ አፍ አለ። ሐኪሙ በዘንጉ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ልኮ ወደዚያ ቱቦ ማስገባት አለበት፤ ለምሳሌ የተሰነቀረ ጠጠር ለማውጣት። ግን የቱቦው አፍ ያለው ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ነው። ስለዚህ ንድፈኞች ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ ማንሻ ጨመሩ። ማንሻው ከፍ ሲል ሽቦው ወደ ጎን ይታጠፍና ወደ ቱቦው ያነጣጥራል። ይህች ማንሻ ብዙ ሰው ሆዱ ሳይከፈት እንዲድን አድርጋለች። በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ500,000 በላይ እንዲህ ያለ ሕክምና ይሰጣል።

ማንሻዋ ግን ጀርባ አላት። ከጀርባዋና ከመጋጠሚያዋ ሥር ብሩሽ በደንብ የማይደርስበት ጎድጓዳ አለ። ከአንዱ ታካሚ አንጀት የቀረ ባክቴሪያ እዚያ ተደብቆ ወደ ቀጣዩ ታካሚ ሊሄድ ይችላል። ሄደም። በ2015 መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ አንድ ሆስፒታል 179 ታካሚዎች መድኃኒት ለሚቋቋም ባክቴሪያ ተጋልጠው ሊሆን እንደሚችል ተነገራቸው። 7ቱ መያዛቸው ታወቀ፤ ለ2ቱም ሞት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ኢንፌክሽን ነበር። ኤፍዲኤ በየካቲት 2015 የመሣሪያው ንድፍ ራሱ ጽዳትን ሊያደናቅፍ እንደሚችል አስጠነቀቀ። በ2016 የወጣ የአሜሪካ ሴኔት ሪፖርት ከ2012 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በዓለም ዙሪያ ቢያንስ 25 ወረርሽኞችና ቢያንስ 250 የተያዙ ታካሚዎች መኖራቸውን ዘረዘረ።

«ሆስፒታሎቹ በደንብ ስላላጠቡ ነዋ!» የሚል ሰው ይኖራል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው እንደዚያ ነበር ያሰበው። ነገር ግን ኤፍዲኤ በ2019 ይፋ ባደረገው የክትትል ውጤት፣ ታጥበው ለሥራ ዝግጁ ከተባሉ ዱኦዲኖስኮፖች በትክክል ከተወሰዱት ናሙናዎች ውስጥ እስከ 5.4 በመቶ የሚሆኑት አሳሳቢ ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል። ይህን ያህሉ ከታጠበ በኋላም ካልጸዳ ጥፋቱን ሁሉ አጣቢው ላይ መጣል አይቻልም። ማጠብን ከባድ ያደረገው ንድፉ ነው።

በነሐሴ 2019 ኤፍዲኤ ሆስፒታሎች ጫፋቸው ወይም ሌላ ክፍላቸው የሚጣል ዱኦዲኖስኮፖችን ወደመጠቀም እንዲሸጋገሩ መከረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚጣለው የመጀመሪያው ዱኦዲኖስኮፕ ፈቃድ አገኘ። አንዴ ተጠቀሙበት፣ ጣሉት፤ በቃ።

መጣል መልስ ነው?

ለአንድ ታካሚ፣ አዎ። የሌላ ሰው ባክቴሪያ ያልነካው መሣሪያ ማግኘት መብት ነው። ግን ይህንን መልስ እንደ ድል ማክበር አልችልም። መጣል ማለት «ልናጸዳው የምንችለው ነገር መንደፍ አቃተን» ማለትም ነው። ደግሞም መጣል የሚችለው መግዛት የሚችል ብቻ ነው። አንድ ኢንዶስኮፕ ለብዙ ዓመት፣ ለብዙ ሺህ ሰው በሚያገለግልባቸው አገሮች፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ሀብታሙ አገር «አይታጠብም» ብሎ የተወው ንድፍ እየታጠበ መሥራቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ጽዳት የአጣቢ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ሥዕሉ ወረቀት ላይ ሲሳል የሚወሰን ነገር ነው።

የእኔን ሚዛን በአጭሩ ላስቀምጠው። ኮሎኖስኮፕ ጫፉ ጥሩ ነው፤ የመሃሉ ችግር ከግማሽ በላይ አልተፈታም። የሮቦቱ አንጓ መሃሉን በብልጠት አምልጦታል፤ ዕድሜው ግን አጭር፣ ዋጋው ረጅም ነው። የዴልፍቱ የሽቦ ቀለበት ከሁሉም የሚያምር ሐሳብ ነው፤ «እንዴት ይጸዳል?» ለሚለው መልስ እጠብቃለሁ። ዱኦዲኖስኮፕ ለታካሚ ከሁሉም በላይ የጠቀመና በመጨረሻው መመዘኛ ከሁሉም በታች የወደቀ ነው። ሁለቱም በአንድ መሣሪያ ላይ እውነት መሆናቸው ነው ነገሩን ከባድ የሚያደርገው።

በአዲስ አበባም ሆነ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የምትማሩ፣ ወይም ገና ሁለተኛ ደረጃ ሆናችሁ መሣሪያ መንደፍ የምታልሙ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጫፉ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ቪዲዮ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዘንጉ መሃሉ ላይ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ሳለ ጫፉ አሁንም ይታዘዛል? ሲገፋ መሃሉ የት ይሄዳል? ሥራው ሲያልቅ ብሩሹ በየት በኩል ይገባል?

መልሱን ለማግኘት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ በቤት ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ያረጀ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ከነሽፋኑ ውሰዱ። ቀጥ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ሳቡ፤ በሌላው ጫፍ ጓደኛችሁ በጣቱ ይያዝ። ከዚያ ሽፋኑን በባልዲ ዙሪያ አንዴ ጠምጥማችሁ ደግማችሁ ሳቡ። ጓደኛችሁ «ሳብከው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ስበኸዋል፤ ጉልበትህን ግን መሃሉ በልቶታል።